ኖላዊት እና የኮምፖስቱ ግንበኛ

ኖላዊት ዳልጮ ደብዳቤውን የተቀበለችው ማክሰኞ ጠዋት፣ የኮምፖስት ክምር ውስጥ ቴርሞሜትር ተክላ ቁጥሩ እስኪቆም ስትጠብቅ ነበር። ያመጣችላት ከማኅበሩ አባላት አንዷ የሆነችው አስቴር ናት። «ታዴዎስ ስጪልኝ ብሎኝ ነው» አለቻትና ፊቷን ሳታይ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ነው።

«ኖላዊት፣ ምዕራብ ዓባያ የሱቅ ግንባታ ሥራ አግኝቼ ሄጃለሁ። ሊቀመንበርነቱን ለአስቴር አስረክቤያለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማልሄድ ስለማውቅ ነው። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሦስተኛውን የክምር ክፍል ቶሎ አገላብጡት፤ ከሥሩ እርጥበት ይዟል። ታዴዎስ።»

ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ነቀለችና ቁጥሩን ሳታይ ወደ መያዣው መለሰችው። ስለ እርጥበቱ ለመጻፍ ቦታ አግኝቶ ስለ እሷ ለመጻፍ ማጣቱ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ኖላዊት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በአፈር ሳይንስ ተመርቃ በአርባ ምንጭ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥራለች። ባለፈው ዓመት የተሰጣት ሥራ ከሲቀላ ገበያ፣ ከሆቴሎችና ከየቤቱ የሚወጣውን የምግብ ትራፊ ወደ ማዳበሪያ የሚለውጥ የኮምፖስት ጣቢያ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ማቋቋም ነበር። የበሰበሰው ሙዝና ማንጎ፣ የፓፓያው ልጣጭ፣ የጎመኑ ቅጠል በየቦዩ ሲጣል የኖረ ነው። ቀበሌው ከሰፈሩ ዳር ቦታ ሰጠ፤ ሃያ ሁለት ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀመንበራቸው እንዲሆን ታዴዎስን መረጡ። ታዴዎስ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ሲሆን ግንበኛ ነው። ጣቢያውንም የገነባው እሱ ራሱ ነው።

የተዋወቁት በጭቅጭቅ ነው። እሷ የሳለችውን ንድፍ አይቶ፣ «ይሄ ወለል ውሃ ያቁራል። ወደ ቦዩ ትንሽ ዘንበል ይበል» አላት።

«ተለክቶ የተሠራ ንድፍ ነው። እንደተሳለው ሥራው» አለችው።

እንደተሳለው ሠራው። የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግስት ከክምሩ የወጣው ጥቁር ፍሳሽ ወለሉን ሞልቶት አደረ። ኖላዊት በማለዳ ስትደርስ ታዴዎስ ቦት ጫማውን አጥልቆ የወለሉን ጠርዝ በመሮ እየሰበረ ነበር። እንደሚስቅባት ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ «ደህና አደርሽ፤ ያን አካፋ አቀብዪኝ» ብቻ አላት። አባላቱ ሲሰበሰቡ በሁሉም ፊት፣ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ እሱ ነግሮኝ ነበር» አለች። ታዴዎስ መሮውን አስቀምጦ አያት። ረጅም እይታ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱም ያን እይታ እንዳልነበረ አድርገው መቀጠል አልቻሉም።

ጣሪያው በቆርቆሮ ሲመታ፣ ክፍሎቹ ተራ በተራ ሲሞሉ፣ እነሱም ተላመዱ። እሱ ብረት ክምሩ ውስጥ ሰክቶ ያወጣና በመዳፉ ጨብጦ «ሃምሳ አምስት ዲግሪ» ይላል፤ እሷ በቴርሞሜትሯ ታየዋለች፤ ሃምሳ ስድስት ይሆናል። ከሥራ በኋላ አስፋልቱ ዳር ካለችው ጭማቂ ቤት ስፕሪስ ይጠጣሉ። ስለ ሁሉም ነገር ያወሩ ነበር፤ ስለ ቤተሰቡ ግን አያወራም። «እናትህን አስተዋውቀኝ» ስትለው፣ «ትተዋወቂያለሽ» ይልና ወሬውን ወደ ሰጋቱራ ይወስደዋል።

አሁን ደብዳቤውን ይዛ ስታስብ ምክንያቱን ያገኘችው መሰላት። ከስምንት ቀን በፊት ከክልል እንግዶች መጥተው ስታስጎበኝ፣ ስሙ ላይ ስትደርስ «ግንበኛችን ታዴዎስ» ብላ አስተዋውቃዋለች። ሊቀመንበር አላለችም። እሱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። በሰው ፊት ዝቅ አድርጌዋለሁ አለች ለራሷ። የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቀደደችው፤ ደግማ ጻፈች። ሐሙስ ዕለት አስቴርን፣ «ለማን ብሰጠው ይደርሰዋል?» ብላ ጠየቀቻት።

አስቴር ትንሽ አመነታች። «እናቱ ወይዘሮ ወርቂቱ ገበያ ናቸው። ከሽንኩርት ተራው ጀርባ።»

ኖላዊት ደስ አላት። የእናቱን ፊት ለማየት ዓመት ሙሉ ጓጉታለች።

ከሽንኩርት ተራው ጀርባ መሬት ላይ ድስት፣ እንስራና ገንቦ ተደርድሯል። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ከኋላ ተቀምጠዋል። ኖላዊት ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

«እናቴ፣ ወይዘሮ ወርቂቱ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ድስት ፈልገሽ ነው?»

«አይ። ኖላዊት እባላለሁ። ከታዴዎስ ጋር የምሠራ...»

ወይዘሮ ወርቂቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «አወቅሁሽ። የአቶ ዳልጮ ልጅ። ተቀመጪ።»

ከጎናቸው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ኖላዊት ደብዳቤውን አውጥታ የይቅርታ መሆኑን ነገረቻቸው። «በእንግዳ ፊት ግንበኛ ብዬ ጠራሁት። በዚያ ተከፍቶ ነው የሄደው።»

ሴትየዋ ሳቅ ብለው አዩዋት። «ግንበኛ አይደለም እንዴ? እሱ በዚህ አይከፋም። አባትሽ ምንም አልነገሩሽም?»

«አባቴ ምን ይነግረኛል?»

ወይዘሮ ወርቂቱ አማርኛ የተማሩት ትልቅ ሰው ሆነው ገበያ ላይ ነው። ቃሉን እየመረጡ ቀስ ብለው ይናገራሉ። «እኛ ከገረሴ ነን። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ አያቴም። አባትሽም ከገረሴ ናቸው፤ የእናንተ ቤት አራሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ አንድ መዝሙር እንዘምራለን። ጋብቻ ሲመጣ ግን ዘር ይቆጠራል፤ አራሽ ልጁን ለሸክላ ሠሪ አይድርም። አባትሽ እንደምትዋደዱ ሰምተው እዚያ ሥራው ቦታ መጥተው ልጄን የማን ልጅ ነህ አሉት። እሱም አልዋሸም።»

«ከዚያስ?»

«ክፉ አልተናገሩትም። ጎበዝ ልጅ ነህ፤ የምታውቀውን ነገር እኔ እንድናገረው አታድርገኝ አሉት። እሱ ገባው።»

ኖላዊት ደብዳቤውን አጠፈችው። «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ከአባትሽና ከእኔ ምረጪ ብዬ አላስጨንቃትም አለኝ።»

አንዲት ደንበኛ መጥታ ድስት አንኳኩታ ታየው ጀመር። ኖላዊት ተሰናብታ ተነሣች። በአባቷ ቤት ያለው ድስት ሁሉ እንደ ወይዘሮዋ ካሉ ሸክላ ሠሪዎች እጅ የመጣ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በልታበታለች፤ የሠሩት ሰዎች ልጆቻቸውን ለማን እንደሚድሩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ከገበያው እስክትወጣ አንገቷን ቀና ማድረግ አቃታት።

አቶ ዳልጮ ጫኖ በሚባል መንደር የሙዝ ማሳ አላቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ የአባትና የልጅ ነው። ኖላዊት ስትደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ጭቃ ይፍቁ ነበር።

«አባዬ፣ ታዴዎስን አናግረኸዋል?»

እጃቸው ቆመ። «አናግሬዋለሁ። ማን ነገረሽ?»

«እናቱ።»

«እናቱ ጋ ሄድሽ?» ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ልጁን አልጠላውም። ከብዙዎቹ ይሻላል፤ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔ ብቻዬን አይደለሁም። ገረሴ ወንድሜ አለ፤ ዘመድ አለ። እናትሽ የሞተች ጊዜ ሬሳዋን ተሸክመው የቀበሩልኝ እነሱ ናቸው። ይሄን ካደረግሽ አንዳቸውም ደጃችንን አይረግጡም። እኔ ስሞት ማን ይቆምልሻል?»

«ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም አንድ አካል ነን ብለህ ያስተማርከው አንተ ነህ። እዚያው ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ።»

አቶ ዳልጮ ዓይናቸውን ወደ ጫማው መለሱ። «አስተምሬያለሁ» አሉ። ጫማውን ግን መልሰው አላነሡትም። ኖላዊት አባቷን ከልጅነቷ ጀምሮ የማይሳሳቱ ሰው አድርጋ ነበር የምታያቸው። አሁን ከፊቷ የተቀመጡት የፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር፤ አሳዘኗት፤ ይሄ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ከበዳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ቀን ተከታታይ ዘነበ። ታዴዎስ የጠቀሰው ሦስተኛው ክፍል በሁለት ቀን ውስጥ ሸተተ፤ አራተኛው ተከተለ። አስቴርና ሌሎቹ ቢያገላብጡትም የሚቀላቀለው ደረቅ ነገር አልበቃ አለ። ኖላዊት ቀመሩን ታውቃለች፤ በእጅ የመሥራት ልምዱ ግን የእሱ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ለቀበሌው አመለከቱ። ቀበሌውም ለቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ጣቢያው ላይ ስብሰባ ጠራ፤ ሽታው ካልጠፋ ቦታው ይዘጋል ተባለ። የሃያ ሁለት ሰው እንጀራ ከዚያ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኖላዊት ከሲቀላ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈረች። ምዕራብ ዓባያ ስትደርስ ግማሽ የቆመውን ሱቅ ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ታዴዎስ መሰላል ላይ ቆሞ ብሎኬት ይደረድር ነበር። አያት። ወዲያው አልወረደም፤ በእጁ ያለውን ብሎኬት አስቀምጦ፣ ሲሚንቶውን አስተካክሎ፣ ከዚያ ወረደ።

«ጣቢያው ሊዘጋ ነው» አለችው።

«ሰምቻለሁ። አስቴር ደውላልኛለች። ነገ ጠዋት ልመጣ ነበር።»

«ለጣቢያው ትመጣለህ።»

ታዴዎስ ዓይኑን ወደ መሰላሉ መለሰ።

«እናትህ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «ሁሉንም ነግረውኛል።»

ታዴዎስ ከእጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ መላጥ ጀመረ። «በዚህ መንገድ እንድታውቂው አልፈለግኩም።»

«መቼ እንዳውቅ ነበር የፈለግኸው? አርጅቼ?»

«ኖላዊት፣ አባትሽን እኔም አከብራቸዋለሁ። አንቺ ደግሞ ከእሳቸው ሌላ ማን አለሽ? እኔን ብትመርጪ እሳቸውን ታጪያለሽ። እሳቸውን ብትመርጪ... ያንን ቆሜ መስማት አልቻልኩም። ስለዚህ ቀድሜ ሄድኩ።»

«አባቴ ሳይጠይቀኝ ወሰነልኝ። አንተም ሳትጠይቀኝ ወሰንክልኝ። ሁለታችሁም እወድሻለሁ ትላላችሁ። እኔ የት ነበርኩ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ቦርሳዋን ግን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ታዴዎስ ያን አየ።

«በዚያች ደብዳቤ ስለ ሦስተኛው ክፍል ጻፍክ» አለች። «እንደምትወደኝ አልጻፍክም። ሁለት ቀን ሙሉ ግንበኛ ስላልኩህ የተከፋህ መስሎኝ ራሴን ስሰድብ ነበር።»

«በእሱ?» ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። «ግንበኛ ስትዪኝ ደስ ነው ያለኝ። ዝም ያልኩት አባትሽ ያን ቀን ጠዋት አናግረውኝ ስለነበር ነው።» ቀና ብሎ አያት። «እወድሻለሁ ብዬ ጽፌ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው። ከዚያ ይሄን አንብባ እንዴት ትረሳኛለች ብዬ ቀደድኩት።»

ኖላዊት ወደ ዓባያ ሐይቅ ዞረች። ውሃው ከሩቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ፊቷን ያዞረችው ለማልቀስ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

«አልረሳህም» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «አባቴንም አልተውም። ሁለቱ አብሮ ይሆን አይሆን አላውቅም። ግን የሚያከራክረኝ ካለ ፊት ለፊቴ ይከራከረኝ። አንተም ጭምር።»

ታዴዎስ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። መንገደኛ ያያል ብሎ አላቀፋትም፤ ትከሻው ትከሻዋን እስኪነካ ድረስ ግን ቀረበ። 

ሐሙስ ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ሠሩ። ታዴዎስ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ አስጫነ፤ የሙዝ ጅምላ ነጋዴው አቶ ኸይሩ ከመጋዘናቸው የደረቀ የሙዝ ቅጠል በጭነት መኪና ላኩ። ሁለቱን ክፍል እስከ ወለሉ ድረስ አውጥተው፣ ደረቁን እየቀላቀሉ መልሰው ከመሩት። ዓርብ ከሰዓት ሽታው ቀንሷል፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። አቶ ዳልጮም የአካባቢው ሽማግሌ እንደመሆናቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ታዴዎስ ተነሥቶ ምን እንደተበላሸ ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ ጥሎ መሄዱንም ጥፋቴ ነው አለ፤ አንድ ወር እንዲሰጣቸው ጠየቀ። ይሄን ጊዜ ከመሀል አንድ ሰው ተነሣ።

«እኔ የማውቀው ይሄን ነው። ሥራን ለሸክላ ሠሪ ሰጥታችሁ ሌላ ምን ጠብቃችሁ ነበር?»

 አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ የታዴዎስን ፊት ለማየት ዞረ። አቶ ኸይሩ ሳይነሡ፣ «ሰውዬ፣ የመጣነው ስለ ሽታ ለመነጋገር ነው። የማን ልጅ ነው የሚለው እዚህ ምን አገባው?» አሉ። ታዴዎስ ለሰውየው አልመለሰለትም። ወደ ቀበሌው ተወካይ ዞሮ፣ «ወሩ ሲያልቅ ራሳችሁ መጥታችሁ እዩት» አለ። ድምፁ ደህና ነበር፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ግን ተገትሯል።

ኖላዊት አባቷን ተመለከተች። አንድ ቃል ጠበቀች። አቶ ዳልጮ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዟዟሩ መሬት መሬት ያያሉ። ወሩ ተፈቀደ፤ ሰዉ ሲያጨበጭብ እሳቸው ሄደዋል። የሰውየው ስድብ አልፎ ሊረሳ ይችላል። የአባቷ ዝምታ ግን እሷው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ቅዳሜ በቤቱ ውስጥ «ደህና አደርሽ» እና «እራት አለ» ብቻ ተባባሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኖላዊት፣ «ወይዘሮ ወርቂቱ ቤት ምሳ ተጠርቻለሁ» ብላ ተናገረች። መደበቅ አልፈለገችም። አቶ ዳልጮ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የወይዘሮ ወርቂቱ ቤት ከሲቀላ ዳር ያለች ሁለት ክፍል ናት። ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ ኩርኩፋ ቀርቦ ሊበላ ሲል በሩ ተንኳኳ። ታዴዎስ ሲከፍት አቶ ዳልጮ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

 «ይግቡ» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ።

ገቡ፤ ተቀመጡ። ወይዘሮዋ ለእንግዳው ምግብ ለማቅረብ እጃቸውን ዘርግተው መለሱት፤ አራሽ ከሸክላ ሠሪ ቤት የመብላት ልማድ የለውም፤ እምቢ ቢሏቸው የሚሰማቸውን ሐፍረት ያውቃሉ። አቶ ዳልጮ አዩዋቸው።

«ለእኔም ያቅርቡልኝ» አሉ። «አልበላሁም።»

ቀረበላቸው። ጸልየው በሉ። ኖላዊት አባቷ ሲያኝኩ እያየች የራሷን ሳህን ረሳች። አቶ ዳልጮ ሳህናቸውን ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን አብሰው ወደ ታዴዎስ ዞሩ።

«ዓርብ ዕለት ያ ሰው የተናገረውን ስሰማ ልነሣ ፈልጌ ነበር። ግን አልተነሣሁም። ለምን እንደሆነ ሁለት ቀን አሰብኩበት። እሱ ጮክ ብሎ የተናገረውን እኔ ቀስ ብዬ ተናግሬዋለሁ። ለአንተ። ልዩነቱ ድምፃችን ብቻ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ክፉ አልተናገሩኝም» አለ ታዴዎስ።

«ተናግሬሃለሁ። አንተ ደግሞ ሰምተኸኛል።» ወደ ወይዘሮ ወርቂቱ ዞሩ። «ሽማግሌ ላኩ። እኔ እምቢ አልልም። ወንድሜ ግን ሠርጉ ላይ አይመጣም፤ ትናንት ደውዬለት ነግሮኛል። ሌሎቹም ላይመጡ ይችላሉ።» ልጃቸውን አዩ። «እኔ እመጣለሁ።»

ወይዘሮ ወርቂቱ ለአቶ ዳልጮ ውሃ ቀዱላቸው። ታዴዎስ ከኖላዊት ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ግን ከእሷ አልደበቀውም። ይህ ቀን ሲመጣ ደስታ ብቻ ይሆናል ብላ ስታስብ የኖረችው ኖላዊት አባቷ ከወንድማቸው ጋር በስልክ የተነጋገሩትን ለማሰብ እየሞከረች ነበር። በዚያች ስልክ ምን እንዳጡ አልነገሯትም፤ ከፊታቸው ግን አነበበችው። ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷን ያን ያህል የወደደችበት ቀን ትዝ አይላትም።